«መጽሐፍ ቅዱስ ተበርዟል» የሚለው ክርክር ከየት መጣ? ምን ያህልስ ያስኬዳል?

ጥያቄው፦ «ክርስቲያን ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ የቅርብ ሙስሊም ጓደኛ አለኝ። ስለ ሃይማኖት ባወራን ቁጥር ‹መጽሐፋችሁ ተበርዟል፤ እውነተኛው ኢንጂል ጠፍቷል› ይለኛል። ሰባኪያችንን ስጠይቅ ደግሞ ‹አንዲት ፊደል አልተነካችም› አሉኝ። ይህ ክስ መቼ ተጀመረ? የማን እውነት ነው? ምን ብዬ ልመልስለት?»

ወንድሜ፣ ጓደኛዎም ሰባኪዎም ነገሩን ከሚገባው በላይ አቅልለውታል። «ተበርዟል» ሲባል ሦስት የተለያዩ ክሶች አንድ ላይ ይቀርባሉ። አንዱ «ጽሑፉ ራሱ ተለውጧል» የሚል ነው። ሌላው «ጽሑፉ አለ፤ ትርጉሙን ግን አጣመሙት» የሚል ነው። ሦስተኛው «ይህ መጽሐፍ ከመጀመሪያውም ለዒሳ (ለኢየሱስ) የወረደው ኢንጂል (ወንጌል) አይደለም» የሚል ነው። ሰዎች ሲከራከሩ ሳይታወቃቸው ካንዱ ወደ ሌላው ይዘላሉ። ስለዚህ ሰዓታት ተጨቃጭቀው አይገናኙም። የመጀመሪያው ክስ በብራና ይጣራል። ሦስተኛውን ግን የትኛውም ብራና አይፈታውም። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«መቼ ተጀመረ?» ላሉት፣ ክሱ ከእስልምና በፊትም ነበር። በ2ኛው መቶ ዓመት ሰማዕቱ ዮስጢኖስ «አይሁድ ስለ ክርስቶስ የሚናገሩ ቃላትን ከመጽሐፍ አውጥተዋል» ብሎ ጽፏል። በዚያው ዘመን የነበረው አረማዊው ፈላስፋ ኬልሶስ ደግሞ ክርስቲያኖችን «ትችት ሲመጣባችሁ ወንጌሉን ሦስት አራት ጊዜ ቀይራችሁታል» ይላቸው ነበር። ይህን የምናውቀው የቤተ ክርስቲያን ሊቁ ኦሪጀን መልስ ሲሰጠው ክሱን ስለጠቀሰው ነው። በሃይማኖቶች ሙግት ውስጥ «መጽሐፉን ነካካችሁት» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ሙስሊሞች ያደረጉት ነገር ይህንን ክስ ሥርዓት ማስያዝና ራሱን የቻለ ትምህርት ማድረግ ነው።

መሠረቱ ቁርኣን ነው። ቁርኣን ተውራትን (ኦሪትን)፣ ዘቡርን (መዝሙረ ዳዊትን) እና ኢንጂልን በክብር ያነሳል። በሱረቱል ማኢዳ 47 ላይ የኢንጂል ሰዎች አላህ በውስጡ ባወረደው ይፍረዱ ይላል። ትእዛዙ የተነገረው በ7ኛው መቶ ዓመት ነው። የሚፈርዱበት መጽሐፍ በእጃቸው እንዳለ አድርጎ ነው የሚናገረው። በዚያው ሱራ 13 ላይ ደግሞ ቃላትን ከቦታቸው የሚያጣምሙ ይወቀሳሉ። ሱረቱል በቀራ 79 መጽሐፍን በእጃቸው ጽፈው «ከአላህ ዘንድ ነው» ለሚሉ ወዮላቸው ይላል። የኋለኛው ክርክር ሁሉ የበቀለው በእነዚህ ሁለት ዓይነት አንቀጾች መካከል ነው። ወቀሳዎቹ በአብዛኛው ያነጣጠሩት በመዲና በነበሩ አይሁድ ላይ እንደሆነም ልብ ይሏል።

በቡኻሪ የሐዲስ (ስለ ነቢዩ ቃልና ሥራ የተላለፉ ዘገባዎች) ስብስብ ውስጥ ያለ አንድ ታሪክ ነገሩን በደንብ ያሳያል። አይሁድ ዝሙት የፈጸሙ ወንድና ሴት ይዘው ወደ ነቢዩ ሙሐመድ መጡ። ተውራት ስለ ቅጣቱ ምን እንደሚል ተጠየቁ። መጽሐፉ መጥቶ ሲነበብ አንባቢው እጁን የመውገር ፍርድ በተጻፈበት ቦታ ላይ አሳርፎ ከላይና ከታቹን ብቻ አነበበ። ከአይሁድ ወደ እስልምና የገባው ዐብደላህ ኢብን ሰላም «እጅህን አንሳ» አለው። ሲያነሳ ጽሑፉ እዚያው አለ። እንግዲህ እዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋቱ ያለው አንባቢው ላይ ነው። ቃሉ አልተፋቀም፤ ተሸፈነ እንጂ።

ቡኻሪ ራሱ በዚሁ ጉዳይ ሁለት ድምፅ አለው። አንድ ቦታ ላይ «ከአላህ መጻሕፍት የአንዱንም ቃል ማንም አያስወግድም፤ ያለ ትርጉሙ በመተርጎም ያጣምሙታል እንጂ» የሚል ማብራሪያ እናገኛለን። ሌላ ቦታ ደግሞ የነቢዩ ባልደረባ ኢብን ዐባስ «የመጽሐፉ ሰዎች የአላህን መጽሐፍ ለውጠው በእጃቸው ጻፉ» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ይነበባል። በሙስሊም ሊቃውንት ዘንድ ጉዳዩ «ተህሪፍ» ይባላል። ትርጉም ማጣመም ነው ወይስ ቃል መለወጥ የሚለው ክፍፍል ገና ከጥዋቱ የነበረ ነው። ስለዚህ ጓደኛዎ «እስልምና እንዲህ ይላል» ሲልዎት፣ ከሊቃውንቱ የትኛውን እየተከተለ እንደሆነ ቢጠይቁት ነውር የለውም።

የመጀመሪያዎቹ ክርክሮች ጨዋነት ነበራቸው። በ780ዎቹ መጀመሪያ ባግዳድ ላይ የዐባሲዶቹ ኸሊፋ አል-መህዲ ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ከቀዳማዊ ጢሞቴዎስ ጋር ተወያይቷል። ኸሊፋው ስለ ሙሐመድ የሚናገሩ ብዙ ምስክሮች በመጽሐፋችሁ ነበሩ፤ እናንተ አጠፋችኋቸው አለው። የጢሞቴዎስ መልስ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ያልተበረዘው ቅጂ የት አለ? የእኛን ከየትኛው ጋር አስተያይታችሁ ነው ተበረዘ የምትሉት? ደግሞስ አይሁድና ክርስቲያኖች ጠላቶች ሆነው ሳለ አንድ ኦሪት ይዘው እንዴት ለብረዛ ተስማሙ? ጥያቄው ከባድ ነው። ግን ሙሉ መልስ አይደለም። የሁለቱ ኦሪት ልክ አንድ አይደለማ። ይህን ቀዳዳ ያዩት የኋለኞቹ ሙስሊም ሊቃውንት ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ እኛንም በቀጥታ ይነካል።

አል-ቢሩኒ በ1000 ገደማ ስለ ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠር በጻፈው ሥራ ላይ ሦስት ዓይነት ኦሪት እንዳለ ይዘረዝራል፦ የአይሁድ፣ የክርስቲያኖችና የሳምራውያን። ከአዳም እስከ ጥፋት ውኃ ያለውን ዘመን አስልቶ በአይሁድ ዘንድ 1656፣ በክርስቲያኖች ዘንድ 2242፣ በሳምራውያን ዘንድ 1307 ዓመት እንደሆነ ይጽፋል። ስድብ የለበትም፤ የሂሳብ ሰው ስለሆነ ቁጥር አስቀምጦ ያልፋል። ከእርሱ ጥቂት ቆይቶ በ1085 ያረፈው የነገረ ሃይማኖት ሊቅ አል-ጁወይኒ ይህንኑ ልዩነት ወስዶ ወደ ክስ ቀየረው። አይሁድ ክርስቲያኖችን፣ ክርስቲያኖች አይሁድን «ቁጥሩን የነካካችሁት እናንተ ናችሁ» እየተባባሉ ነው፤ እንግዲያውስ አንዱ ወገን ነክቶታል ማለት ነው፤ ብረዛ ይቻላል ማለት ነው።

የኛ ግእዝ ኦሪት የተተረጎመው ከሰባ ሊቃናት፣ ማለትም ከጥንታዊው የግሪክ ትርጉም ነው። በዕብራይስጡ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 አዳም ሴትን ሲወልድ 130 ዓመቱ ነው። በሰባ ሊቃናቱና በግእዙ 230 ነው። በብዙዎቹ ሌሎች አባቶች ዕድሜ ላይም እንዲሁ መቶ መቶ ይጨመራል። በባሕረ ሐሳብ ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን የምንለው ከዚህ ረጅም ቁጥር የመነጨ ነው። መስከረም አንድ ቀን ካህኑ ዓመተ ዓለሙን ሲያውጅ፣ ሳናውቀው ከሁለቱ የኦሪት ንባቦች በአንዱ እየቆጠርን ነው። ስለዚህ «አንዲት ፊደል አልተነካችም» የሚለው የሰባኪዎ መልስ አል-ጁወይኒ ፊት አይቆምም። የቱ ቁጥር ቀድሞ እንደነበረ ዛሬም ሊቃውንት ይከራከሩበታል። በአንድ ቦታ ግን ሆን ተብሎ የተስተካከለ ነገር እንዳለ አብዛኞቹ ይስማማሉ።

በአንዳሉስ (በሙስሊሞች እጅ በነበረችው ስፔን) ደግሞ ኢብን ሐዝም አለ። ከ994 እስከ 1064 የኖረ የኮርዶባ ሰው ነው። እንደ እርሱ መጽሐፍ ቅዱስን ዘርዝሮ የተቸ ሙስሊም ሊቅ በመካከለኛው ዘመን ማግኘት ይከብዳል። የትውልድ ሐረጎችን ያስተያያል፣ ቁጥሮችን ይደምራል፣ የማቴዎስንና የሉቃስን የዘር ዝርዝር ጎን ለጎን ያደርጋል። አንደበቱ ይጎመዝዛል። በሕግ ትምህርቱ የቃሉን ግልጽ ትርጉም ብቻ የሚይዘው የዟሂሪ ወገን ስለነበር «ይህ ምሳሌ ነው፣ ይህ ምሥጢር ነው» የሚለውን የክርስቲያን አንድምታ አይቀበልም። እኔ ግን ከሱ ዝርዝር ይልቅ የሚከብድብኝ ሌላው ክርክሩ ነው፦ ይህን ማን ከማን ሰማ? ሰንሰለቱ የት አለ?

ይህ ጥያቄ ከሐዲስ ትምህርት የመጣ ነው። ሙስሊም ሊቃውንት አንድን ቃል ከነቢዩ ለመቀበል ተናጋሪዎቹን አንድ በአንድ ስማቸውን፣ ጠባያቸውን፣ ተገናኝተው እንደሆነ ይመረምራሉ። ይህንን ሚዛን ይዘው ወንጌሎቹን ሲያዩ ክፍተት ያያሉ። ኢየሱስ ያስተማረው 30 ዓ.ም. ገደማ ነው። የማርቆስ ወንጌል በአብዛኞቹ ተመራማሪዎች ግምት 70 ዓ.ም. አካባቢ ተጻፈ። አራቱም ወንጌሎች በጽሑፉ ውስጥ «እኔ እገሌ ጻፍኩት» አይሉም፤ ስማቸውን የምናውቀው በትውፊት ነው። አራቱን በስም ጠርቶ «ከእነዚህ በላይም በታችም የለም» ብሎ የሚሟገተው ጳጳሱ ኢሬኔዎስ የጻፈው በ180 ገደማ ነው። ለእኔ ከሙስሊም ትችቶች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። «ገጽ ቀደዱ» ከሚለው እጅግ ይበልጣል። ክርስቲያኑም መልስ አለው። ጳውሎስ በ50ዎቹ አጋማሽ ለቆሮንቶስ ሲጽፍ የሞቱንና የትንሣኤውን ምስክርነት «እኔም የተቀበልሁትን» ብሎ ያስተላልፋል። ይህ ከክስተቱ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ የዓይን ምስክሮቹም በሕይወት ነበሩ። መልሱ ግን ሐዲስ አዋቂው በሚፈልገው መልክ አይደለም የሚመጣው።

ሙስሊሙን ሊቅ ኢብን ተይሚያን ብዙ ሰው በስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ከቆጵሮስ ክርስቲያኖች ለመጣ ደብዳቤ በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው መልስ ብዙ ቅጽ ነው። የሚገርመው በዓለም ያለ ቅጂ ሁሉ ቃል በቃል ተለውጧል ለማለት አለመድፈሩ ነው። ዋናው ትኩረቱ አተረጓጎሙ ላይ ነው። በ1480 ያረፈው አል-ቢቃዒ ደግሞ በካይሮ ቁርኣንን ሲያብራራ ከአይሁድና ከክርስቲያኖች መጽሐፍ በረጅሙ እየጠቀሰ ይጽፍ ነበር። ባልደረቦቹ ተነሱበት። እሱም ድርጊቱ የተፈቀደ ነው ብሎ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። የሙስሊሙ ዓለም በዚህ ጉዳይ አንድ ድምፅ ብቻ ኖሮት አያውቅም።

ዛሬ በስልክዎ የሚያዩት ዓይነት ክርክር የተወለደው ግን በህንድ አገር ነው። 1854 ሚያዝያ፣ አግራ ከተማ። በአንድ ወገን የመጣው ካርል ጎትሊብ ፋንደር የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው። በፋርስኛና በኡርዱ ሙስሊሞችን የሚሞግት መጽሐፍ ጽፎ በሰፊው ያሰራጨ ሰው ነው። በሌላ ወገን የእስልምና ሊቁ ረሕመቱላህ ከይራናዊ አለ። አጠገቡ ወዚር ኻን የሚባል ሐኪም ተቀምጧል። ይህ ሐኪም እንግሊዝ አገር የቆየ ሰው ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት በራሳቸው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የጻፉትን ሂሳዊ ጥናት አግኝቶ ለከይራናዊ አቅርቦለታል። ፋንደር የድሮውን ዓይነት ሙግት ጠብቆ መጣ። ከይራናዊ ግን የጀርመንና የእንግሊዝ ፕሮፌሰሮችን እየጠቀሰ ጠበቀው።

በሁለቱ ቀን ሙግት ውስጥ ፋንደር በጥቂት ቦታዎች የጽሑፍ ለውጥ መግባቱን አመነ። አንዱ 1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ነው። «ጥቂት ነው፤ ዋናውን ትምህርት አይነካም» አለ። ከይራናዊም «አንድ ቦታ ከተለወጠ ሌላው ላለመለወጡ ምን ዋስትና አለ?» ሲል ያዘው። ሕዝቡ ፋንደር ተሸነፈ ብሎ ወጣ። የ1857ቱ የህንድ አመፅ ሲከሽፍ ከይራናዊ ወደ መካ ተሰደደ። በኋላም ወደ ኢስታንቡል ተጠርቶ በ1864 «ኢዝሃር አል-ሐቅ» የተባለውን መጽሐፉን በዐረብኛ አሰናዳ። ከዚያ ወዲህ የተነሱ ተከራካሪዎች አብዛኞቹ ከዚያ መጽሐፍ ይቀዳሉ። ደቡብ አፍሪካዊው አሕመድ ዲዳት በወጣትነቱ በሱቅ ሠራተኛነት ሳለ እጁ የገባው መጽሐፍ ይኸው ነበር። ዲዳት ይዘቱን አሳጥሮና በቀልድ አዋዝቶ በ1986 ከአሜሪካዊው ሰባኪ ጂሚ ስዋጋርት ጋር በቪዲዮ ፊት ተከራከረበት። ጓደኛዎ የሚያነሳው ነገር ከእነዚህ ቪዲዮዎች በሆነ መንገድ የደረሰው ሳይሆን አይቀርም።

እስቲ አሁን ያንኑ ጥቅስ አብረን እንክፈተው። በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ የኪንግ ጄምስ ትርጉም 1ኛ ዮሐንስ 5፥7 ላይ በሰማይ የሚመሰክሩ ሦስት ናቸው፤ አብ፣ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ፤ ሦስቱም አንድ ናቸው ይላል። ሥላሴን እንዲህ ፊት ለፊት የሚናገር ሌላ ጥቅስ የለም። አሁን የ1954 ዓ.ም. የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ይግለጡ (ይህኛው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው)። እዚያ ያለው መንፈሱ፣ ውኃውና ደሙ ብቻ ነው። አብና ቃል የሚለው የለም። በጥንታዊዎቹ የግእዝ ቅጂዎችም የለም። በጥንት የግሪክ ብራናዎችም የለም። አውሮፓዊው ሊቅ ኤራስመስ በ1516 የግሪኩን አዲስ ኪዳን ሲያሳትም አላስገባውም። ወቀሳ ሲበዛበትና ሐረጉ ያለበት አንድ የግሪክ ቅጂ ሲመጣለት በ1522ቱ እትም አስገባው። ከዚያ ወደ ኪንግ ጄምስ አለፈ። ሐረጉ የበቀለው በላቲን ቅጂዎች ውስጥ ነው። ምናልባት አንድ ጸሐፊ በኅዳጉ ላይ የጻፈው ማብራሪያ በኋላ ወደ ውስጥ ገብቶ ይሆናል።

ከዚህ ምን እንማራለን? ጓደኛዎ «ተጨምሯል» ሲል ልክ ነው። ይህን ያረጋገጡት ግን ራሳቸው ክርስቲያን ሊቃውንት ናቸው። ያረጋገጡበትም ጭማሪው የሌለባቸው የቆዩ ቅጂዎች በየአገሩ ስለተረፉ ነው። ከ5000 በላይ የግሪክ ቅጂዎች አሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። አብዛኛው የፊደል አጻጻፍና የቃላት ቅደም ተከተል ነው። ትልልቆቹ ጥቂት ናቸው። የማርቆስ 16፥9-20 በሁለቱ ዋና ዋና የ4ኛው መቶ ዓመት ቅጂዎች፣ በሲናው ኮዴክስና በቫቲካኑ ውስጥ የለም። በዝሙት የተያዘችው ሴት ታሪክም (ዮሐንስ 7፥53 እስከ 8፥11) በሁለቱ ውስጥ የለም። የንጉሥ አካዝያስ ዕድሜ ደግሞ በዕብራይስጡ በነገሥት 22፣ በዜና መዋዕል 42 ሆኖ ይገኛል። አባቱ የሞተው በ40 ዓመቱ ስለሆነ 42ቱ ሊሆን አይችልም። የጸሐፊ ስህተት ነው። እነዚህን ሸፋፍኖ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም። ወጣቱ ነገ ከሌላ ሰው ሲሰማው መምህሩን ነው የሚጠራጠረው። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን የሚርቁት በትችቱ ሳይሆን «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ተብለው ስለተዋሹ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሌላ በኩል «ከሙሐመድ በኋላ ቀየሩት» የሚለው ክስ መሬት ላይ አይቆምም። የሲናውና የቫቲካኑ ቅጂዎች ከእስልምና በፊት ከ250 ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። እኛም የራሳችን ምስክር አለን። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የግእዝ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃሉ። የመጀመሪያው ሂጅራ (የሙስሊሞች ስደት) በ615 ገደማ ወደ አክሱም ነበር። የነቢዩን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ኢብን ኢስሐቅ እንደሚተርከው፣ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት ከሱረቱል መርየም ሲያነብ ንጉሡ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም ፊታቸው የተዘረጋው መጽሐፋቸው እስኪርስ አለቀሱ። በዚያ ዘመን አክሱም ውስጥ ይነበብ የነበረው ወንጌል ምን ዓይነት እንደነበር ከገሪማ ብራናዎች እናውቃለን። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ነው። ስቅለቱም ትንሣኤውም በውስጡ አለ።

ሁለት ደካማ ክርክሮችን በአጭሩ ላንሳ። አንደኛው «ኒቅያ ላይ ቆስጠንጢኖስ ወንጌሎቹን መርጦ ሌላውን አቃጠለ» የሚለው ነው። የ325ቱ ጉባኤ የተሰበሰበው በአርዮስ ጉዳይና በፋሲካ ቀን ነው። ካወጣቸው 20 ቀኖናዎች ውስጥ ስለ መጻሕፍት ዝርዝር የሚናገር የለም። ዛሬ ያሉትን 27 የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት በትክክል ዘርዝሮ የምናገኘው በ367 አትናቴዎስ በጻፈው የፋሲካ መልእክት ላይ ነው። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን አትናቴዎስ ማለቴ ነው። የመጻሕፍት ቁጥር ልዩነትም (የኛ 81፣ የካቶሊክ 73፣ የፕሮቴስታንት 66) እውነተኛ ልዩነት ነው። ግን የዝርዝር ልዩነት እንጂ የወንጌል ጽሑፍ መለወጥ አይደለም። አራቱ ወንጌሎች በሦስቱም ዘንድ አንድ ናቸው።

ሁለተኛው «እውነተኛው ኢንጂል የባርናባስ ወንጌል ነው» የሚለው ነው። ዋናው ቅጂ በጣልያንኛ የተጻፈ ሲሆን ቪየና ውስጥ ይገኛል። ኢዮቤልዩ በየመቶ ዓመቱ እንደሚከበር ይናገራል። ኦሪት 50 ነው የሚለው። መቶው የመጣው የሮማው ፓፓ በ1300 ካወጀው በዓል ነው። ኢየሱስ በመርከብ ናዝሬት ደረሰ ይላል፤ ናዝሬት ግን በተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚህ ሁሉ በላይ ከቁርኣን ጋር ራሱ ይጋጫል። ኢየሱስ «መሢሑ እኔ አይደለሁም» ይላል፤ ቁርኣን ዒሳን አል-መሲሕ ብሎ ይጠራዋል። መርየም ያለ ምጥ ወለደች ይላል፤ ሱረቱል መርየም 23 ምጧን ይተርካል። ጓደኛዎ ይህን መጽሐፍ ካነሳ፣ በራሱ ቁርኣን እንዲመዝነው ይጠይቁት። በጉዳዩ የበሰሉ ሙስሊም ተመራማሪዎች ትተውታል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ክስ ልመለስ፤ እውነተኛው መለያየት ያለው እዚህ ነው። በእስልምና መጽሐፍ ማለት ከአላህ ወደ ነቢይ የወረደ ቃል ነው። ኢንጂልም ለዒሳ የተሰጠ ነው። ክርስቲያን ግን ኢየሱስ መጽሐፍ ይዞ መጣ አይልም። መገለጡ እሱ ራሱ ነው፤ ወንጌል ስለ እሱ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ለዚህ ነው ሉቃስ በመግቢያው «ሁሉን ከመጀመሪያው መርምሬ ጻፍኩ» ብሎ በግልጽ የሚናገረው። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ «ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ ጌታ አይደለም» ይላል። ሙስሊሙ ይህን ሲያነብ «ይኸው፣ የሰው ቃል መሆኑን ራሳቸው አመኑ» ይላል። ክርስቲያኑ ደግሞ መንፈስ ቅዱስ በሰው አእምሮና ብዕር ይሠራል ብሎ ስለሚያምን ምንም አይከብደውም። ብራና ቢደረደር ይህ ልዩነት አይጠፋም። በራሱ እምነት መለኪያ ከሄድን ጓደኛዎ አራቱን ወንጌሎች «ይህ ያ ኢንጂል አይደለም» ቢል አያስገርምም። ሊለው የማይገባው፣ «ያ ኢንጂል ነበረ፤ በዚህ ዓመት እነ እገሌ ቀየሩት» ነው። ለዚያ ማስረጃ የለም።

ምን ልመልስለት ላሉት፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንዳያደርጉ ልለምንዎ። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «የእናንተስ ቁርኣን?» ወደሚለው ይሮጣል። ኸሊፋ ኡስማን ቁርኣንን መሰብሰቡ፣ የቂራኣት (የአነባበብ) ልዩነት፣ በ1972 ሰነዓ ላይ የተገኘው ተፍቆ በላዩ የተጻፈበት ብራና ይነሳል። እነዚህ እውነተኛ የጥናት ርእሶች ናቸው። ግን ለእርስዎ ጥያቄ መልስ አይሆኑም። የሌላው ቤት ስለተሰነጠቀ የርስዎ አይጠገንም።

ይልቅ አንድ ምሽት ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። 1ኛ ዮሐንስ 5ን እና የማርቆስን መጨረሻ እሱ ሳያነሳ እርስዎ ቀድመው ይክፈቱለት። «ይህ ነገር እዚህ እንዳለ አውቃለሁ፤ እንዲህም ሆኖ የመጣ ነው» ይበሉት። ከዚያ እሱ ሱረቱል ማኢዳ 47ን ከተፍሲሩ (ከማብራሪያው) ጋር ያንብብልዎ። የዚያ ዘመን ክርስቲያን የትኛውን መጽሐፍ ገልጦ ሊፈርድ ነበር? ብለው ይጠይቁት። መልስ ይኖረዋል፤ የሙስሊም ሊቃውንት ከአንድ በላይ መልስ ሰጥተውበታልና በጥሞና ያዳምጡት። ቀጥሎ የሉቃስ 1ን የመጀመሪያ አራት ቁጥሮች አብራችሁ አንብቡ። የእግዚአብሔር ቃል በእንዲህ ያለ መንገድ ሊመጣ ይችላል ወይ በሚለው ላይ ተነጋገሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ሰባኪዎንም ቢጋብዟቸው ጥሩ ነው፤ እሳቸውም ይህን ጥያቄ ከመድረክ ውጭ የሚነጋገሩበት ሰው ፈልገው ይሆናል።